ከል ያልሆነ ጥቁር

በደሌ ይህ ነው። በዚህ ሰፈር ጥቁር ልብስን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የልጅ ልጄ ግን ጥቁር መልበስ ባማራት ጊዜ እኔን ትታ ጎረቤቴን አማከረች። እኔ አሳድጌያት፣ እኔ አስተምሬያት፣ ምክሩንም ምስጋናውንም ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያለችው ሴት ወሰደችው። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በማታ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ሄጄ አቆምኩ። ጽሕፈቴ ባያምርም ሲያዳሉብኝ አውቃለሁ።

እኔ ጥቁር የለበስኩት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ሲሞት የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ያኔ እንደ ዛሬ ጥቁር ልብስ ተገዝቶ አይለበስም ነበር። ያለንን ሰብስበን፣ በርሜል ውኃ አፍልተን፣ ቀለም በጥብጠን ነበር የምንነክረው። ጨው ያልገባበት ጥቁር በሁለተኛው እጥበት ቡኒ ይሆናል። አቼቶ ያልነካው ጥቁር አንገት ላይ ይለቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ደግሞ ትከሻው የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ይህን ሁሉ የተማርኩት እያለቀስኩ ነው። ለባለቤቴ ሁለት ዓመት፣ ለእናቴ አንድ ዓመት፣ ለእህቴም አንድ ዓመት ከል ለብሻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጥቁር ያምርብሻል ያለኝ አንድም ሰው የለም። ቢለኝም ነውር ነበር።

ልጅቷ የወንድ ልጄ ልጅ ናት። ልጄ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ሁለት ወር ሄዶ ሁለት ቀን ነው የሚያድረው። እናቷ ሌላ ትዳር ይዛ ጅማ ገባች። ስለዚህ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኗታል፤ ኮሌጅ ትማራለች። እኔን እማማ ትለኛለች፤ አንቱ ብላ ነው የምታናግረኝ፤ እንዲያ ብዬ ነው ያሳደግኋት።

ጎረቤቴ ከእኔ በሰባት ዓመት ታንሳለች። አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከታክሲ መጫኛው ጀርባ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ያልተሸጠላትን ቤቷ ታመጣና በስፌት መኪናዋ እየፈታች እየሰፋች ሌላ ነገር ታደርገዋለች። ጸሎት ቤት ነው የምትሄደው። ባለቤቷ የሞተ ጊዜ በአሥረኛው ቀን ጥቁሩን አውልቃ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ገበያዋ ወጣች። "እሱ ጌታ ጋ ነው፤ እኔ ለምን እጨልማለሁ?" አለችን። ያኔ ያላማት አልነበረም። እኔም አምቻታለሁ። አሁን ሳስበው ያማኋት ቀንቼ ነው። እኔ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን እሷ በአሥር ቀን አራገፈችው።

ነገሩ የጀመረው የካቲት ላይ፣ ሙቀቱ ሲከር ነው። ልጅቷ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ከትምህርት ቤት መጣች። ከንፈሯ ጥቁር፣ ጥፍሯ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ጥቁር። ጎዝ የሚባል አለባበስ ነው አለችኝ። በስልኳ የፈረንጅ ልጆች አሳየችኝ፤ ሁሉም የቆዳ ካፖርትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡትስ አድርገዋል፤ ከኋላቸው በረዶ ይታያል። የእኛዋ ደግሞ በኮልፌ ፀሐይ ወፍራም ጥቁር ሹራብ አድርጋ፣ ኩሉ በላብ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ተቆጣሁ። በጥቁር በዚህ ደጅ አትገቢም፣ በዚህ ደጅ አትወጪም አልኳት።

በማግሥቱ ጥቁሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ጎረቤቴ ቤት ወሰደቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ በጂንስና በቢጫ ካናቴራ ትወጣለች። ጎረቤቴ ቤት ትገባለች። ከዚያ ስትወጣ ጥቁር ለብሳ ነው፤ የአባቷን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ወደ ታክሲው ትሄዳለች። ማታ ሲመሽ መጀመሪያ እዚያ ትገባለች፣ ትቀይራለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ከዚያ ቢጫውን ለብሳ እኔ ጋ ትመጣለች። የዓይኗ ጥግ ላይ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ኩል ይቀራል። እኔ እራት አቀርባለሁ፤ ያንን ጥግ እያየሁ እበላለሁ።

ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። ጭቃው ስስ ነው። ሰው ሲስቅ ይሰማል።

"ይሄ ሹራብ ፖሊስተር ነው፤ ወዲያ በዪው" ትላለች ጎረቤቴ። "ነጠላ አምጪ። ያረጀ ነጠላ። ጥቁር እንነክረዋለን። ነጠላ ንፋስ ያስገባል።"

"ነጠላ ጎዝ ይሆናል እንዴ እቴቴ?"

"ለምን አይሆንም? የመጋረጃ ዳንቴል አለኝ፣ እጅጌውን በሱ አደርግልሻለሁ። ሰንሰለቱን ከቆራሌው እናገኛለን፤ የተጣለ ቦርሳ መቼም አያጣም። አንቺ ብቻ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ልለካሽ።"

"አንቺ እኮ ጀግና ነሽ።"

አንቺ። እኔን አንቱ፣ እሷን አንቺ። እማማ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ ነው፤ ሽንኩርት የሚሸጠውም ጭምር። እቴቴ ግን ልጅቷ ለእሷ ብቻ ያወጣችላት ነው።

እንዲህ እያሉ ብዙ ነገር ሠሩ። የወንድ ካናቴራ ነክረው አንገቱን ቀደው ሸሚዝ አደረጉት። ኩል ከቫዝሊን ጋር ለውሰው የከንፈር ቀለም አወጡ። ኩሉ እንዳይፈስ በላዩ የሕፃን ፓውደር በጣት ይነሰነሳል፤ ይህንንም በግድግዳው ሰማሁ። የእኔ የኩል ብልቃጥ ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። እነሱ ከማዞሪያው የላስቲክ ብልቃጥ ገዙ። ማንም አልጠየቀኝም።

ደግሞ እውነቱን ልጻፍ። አንድ ቀን ከበሬ ሆኜ ከጎረቤቴ ቤት ስትወጣ አየኋት። ጥቁሩ ነጠላ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል፤ ስስ ስለሆነ ስትራመድ ይነሳል ይተኛል። የዳንቴሉ እጅጌ ክንዷ ላይ ጥላ ጥሏል። ወገቧ ላይ ሰንሰለቱ ያብረቀርቃል። ሙቀት የነካት አትመስልም። የታክሲው ረዳት "እሜቴ፣ ይግቡ" ብሎ በሩን ያዘላት፤ ሳቀችበት። ቆንጆ ነበረች። እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ ያንኑ ቀለም ለብሼ በዚያው መንገድ ሄጄ ነበር። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፣ አንገቱን ደፋልኝ፤ ያየኝ ግን የለም። በልጅቷ አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። በራሴ ልጅ ቀናሁ፤ ከዚያ እንደዚያ ላደረገቻት ሴት የባሰ ቀናሁ።

ቀለሙ ግን የተበላሸ ነበር። ጎረቤቴ ያለ ጨው ነው የነከረችው። ከዚያ ሽቦ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሰጣችው። በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ እጄን ነከስኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የነጠላው ትከሻ ቡኒ ሆነ። ልጄ ያንን ለብሳ ስትወጣ አላስቻለኝም። በእኔ ቤት ያደገች ልጅ እንዲህ ያለ ጥቁር አትለብስም።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ገበያ ሄደች፤ ልጅቷ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ነጠላው ታጥቦ ሽቦው ላይ ነበር። በመጥረጊያ እንጨት በአጥሩ ላይ ጎትቼ አወረድኩት። ቀለሙን ከሱቅ ገዛሁ፣ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ እጄን በፌስታል አሰርኩ። አንድ እፍኝ ጨው፣ ግማሽ ጠርሙስ አቼቶ። ሲፈላ አወረድኩት፤ በረደ ብዬ አልቸኮልኩም፣ በራሱ ውኃ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁት። ከዚያ አልጋዬ አጠገብ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዚያው እንጨት መልሼ ሽቦው ላይ ሰቀልኩት። ጥቁረቱ እንደ አይጥ ዓይን ሆኖ ነበር።

ከዚያ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።

"እቴቴ፣ ምን አድርገሽው ነው? እይው እስኪ። አዲስ ሆነ እኮ።"

"ምን ሆነ? አምጪው እስኪ።" ጨርቁን ስታራግፈው ሰማሁ። "ወይ ጉድ። ጌታ ይመስገን።"

"እጅሽ ይባረክ።"

ጨው የገዛሁ እኔ፣ ጭስ የጠጣሁ እኔ፤ ምስጋናው ለእሷ ሆነ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ልጅቷ ምን ሆኑ ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴን ሰላምታ ከለከልኳት። ከወሩ የእድር ስብሰባም ቀረሁ፤ እሷ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ማየት አልፈለግሁም።

ሰፈሩ ጠባዩን የቀየረው ያን ሰሞን ነው። ሽንኩርት ሻጩ ሚዛኑ ላይ ሦስት ራስ ጨምሮ "አይዞዎት እማማ" አለኝ። ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ስደርስ ዝም ይላሉ። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ መንገድ ላይ አቁመው ጤናዬን ጠየቁኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጅዎ መቼ ነው የደወለው?" አሉኝ።

"ሳምንት አለፈው። ኔትወርክ የለም ይላል መንገድ ላይ ሲሆን።"

መሬት መሬት አዩ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ሄዱ።

እኔ የመሰለኝ ሰው ሁሉ የልጅ ልጄ እንደከዳችኝ ሰምቶ ያዘነልኝ ነው። በአንድ በኩል አፈርኩ፤ በአንድ በኩል ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በደሌ ታየልኝ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ዳኛው ጋቢ ተከናንበዋል፤ ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ከጎናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። በእኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ እንዲያ ለብሶ የሚመጣ ሰው የሚመጣበት ጉዳይ አንድ ነው። እኔም ለሌሎች ስንት ጊዜ እንዲያው ሄጄ ቆሜያለሁ።

"ደህና አደሩ እማማ። እስቲ ቁጭ ይበሉ" አሉ ዳኛው።

"አልቀመጥም። ልጄ ነው?"

"እርስዎ ጠንካራ ሴት ነዎት" አሉኝ።

ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ልቅሶውን ጀመሩት። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቅታ በሌሊት ልብሷ ወጣች፤ ከትናንቱ የቀረው ኩል ዓይኗ ዙሪያ ተሰራጭቷል። አንዷ ሴት ያን ስታይ ዘላ አቀፈቻት። "አንቺማ ስንት ቀን ቻልሽው የኔ ልጅ፣ የአባትሽን ነገር ብቻሽን ይዘሽ" አለቻት።

"የአባቴን ምን?" አለች ልጅቷ። የሁሉንም ፊት አየች። እኔ እግሯ ሥር ነበርኩ። በእኔ ላይ ተራምዳ ወደ አጥሩ ሮጠች፤ "እቴቴ" ብላ ነው የጮኸችው። ልጄ ሞቷል ባልኩበት ሰዓት ያችን ቃል ሰማኋት። አልረሳትም።

ጎረቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በደጅ ዞራ ገባች።

"ማነው ሞተ ያላችሁ?" አለች።

"ይኸው ልጅቷ ወር ሙሉ ጥቁር ለብሳ አይደል እንዴ የምትወጣው?" አለች ያቺው ሴት። "አንቺ ቤት ለብሳ፣ አንቺ ቤት አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ ነው ወደ አያቷ የምትገባው። አሮጊቷ እንዳያውቁ። ዓይን አለን እኮ። እስከ መቼ ይደበቅ ብለን ነው።"

"ፋሽን ነው።"

"ምንድነው?"

"ፋሽን ነው። ጎዝ ይባላል።"

ዳኛው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። "ጎዝ ከየት የመጣ በሽታ ነው?" አሉ።

ማንም አልሳቀም ያኔ። "ለአባቷ ይደወል" አለች ጎረቤቴ። ልጅቷ ደወለች። መጀመሪያ አላነሳም፤ ሁለተኛም አላነሳም። በሦስተኛው አነሳ፤ ስልኩን ከእጇ ነጠቅሁ።

"አቤት። ምነው በጠዋቱ?" አለ ልጄ።

"የት ነህ?"

"ሚሌ። ቁርስ ላይ ነኝ። ምን ሆናችሁ?"

"ምን እየበላህ ነው?"

"ፍርፍር።"

"ብላ" አልኩት። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ተነሱ፤ በጣም አፍረዋል፤ ይቅርታ ይላሉ፣ መልሰው ይቅርታ ይላሉ። አንዷ ንፍሮ ቀቅላ በሳፋ ይዛ ነበርና የት እንደምታስቀምጠው ጠፋባት። እኔ ግን እንባዬን ጠረግሁና ተነሳሁ።

"ቁጭ በሉ" አልኳቸው። "ሽማግሌ ሰብስቤ የማላውቅ ሴት ነኝ። ዛሬ በራሳችሁ መጥታችኋል። ክስ አለኝ።"

"እማማ ዛሬ ይቅር" አሉ ዳኛው።

"ዛሬ ነው። ልጄ ቢሞት ኖሮ እስከ ማታ ትቀመጡ ነበር። ስላልሞተ አንድ ሰዓት ተቀመጡልኝ።"

ተቀመጡ። ንፍሮውም ዞረ፤ ማንም አልጠላውም። እኔ ቆሜ ተናገርኩ። ለስንት ሰው ከል እንደለበስኩ፣ ቀለም እንዴት እንደሚነከር ማን እንደሚያውቅ፣ ልጅቷን ማን እንዳሳደጋት። ከዚያ ስለ ቅዳሜው ተናገርኩ፤ ስለ መጥረጊያው እንጨት፣ ስለ ጨውና ስለ አቼቶው።

ጎረቤቴ አፏን ይዛ ቀረች። "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ ጸሎት ቤት ወጥቼ መስክሬበታለሁ። ያረጀ ጨርቅ ታደሰልኝ ብዬ ጉባኤ ፊት። ሰው ሁሉ አጨብጭቧል።"

ያኔ ነው ሳቅ የመጣው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። ጎረቤቴ ራሷ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጭብጨባውም የእኔ ነበር።

"ገብቶኛል" አሉ ዳኛው ሳቁ ሲበርድ። "እማማ ካሳ ምን ይፈልጋሉ?"

"ካሳ አልፈልግም። ነጠላውም ይሁንላት። አንድ ነገር ብቻ ትመልስልኝ። እኔ እያለሁ ለምን ወደ እሷ ሄደች? ይህንን በሰው ፊት ትናገር።"

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። በደረጃው ላይ ተቀምጣ በቫዝሊንና በጨርቅ ኩሏን እየጠረገች ነበር። አንዱ ዓይኗ ጠርቷል፤ አንዱ ገና ጥቁር ነው። ዳኛው እንደ አስተማሪነታቸው ቀስ ብለው "ንገሪን ልጄ፤ ማንም አይቆጣሽም" አሏት።

ጨርቁን አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው። ቀና ብላ ዳኛውን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

"መጀመሪያ የለበስኩት ቀን ሁለታችሁም ደጅ ነበራችሁ" አለች። "ከታክሲ ወርጄ ስመጣ ሁለታችሁም አያችሁኝ። እርስዎ 'ማን ሞቶብሽ ነው?' አሉኝ። እቴቴ 'አይሞቅሽም ወይ?' አለችኝ። እማማ፣ እውነትም ሞቆኝ ነበር።"